እድር ለሞተ፣ ሔሰድ ለቆመ፦ የአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ ከየካ አባዶ ሲታይ

የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ በራቸው በዓመት ሦስት ጊዜ ይንኳኳል፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ። ዱቄት፣ ዘይትና ሽንኩርት፣ ሲቀናም ዶሮ ይመጣል። ፎቶ ይነሳና ሰዉ ይወርዳል። በመካከል ያሉት ወራት የእማማና የደረጃው ጉዳይ ናቸው።

ሌላ አሠራር የለም ወይ ለሚል፣ ረጅም ጊዜ ከተፈተኑት አንዱ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች ለድሃ አይሁዳውያን አረጋውያን የተዘረጋው ሔሰድ የሚባል አገልግሎት ነው። እዚህ የምንገመግመው እሱን ነው። የምንለካው ግን በእኛ ደረጃ ነው፤ ደረጃ ስንል መለኪያውንም መወጣጫውንም ማለታችን ነው።

ቃሉ ዕብራይስጥ ይሁን እንጂ ለእኛ ባዳ አይደለም። ዳዊት የሚደግም ሁሉ በመዝሙር 135 (በሌላው አቆጣጠር 136) «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» እያለ በየስንኙ የሚመልሰው «ምሕረት» በዕብራይስጡ ሔሰድ ነው። የዘረጋው ድርጅት በአጭሩ ጆይንት ይባላል፤ በ1914 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የአሜሪካ አይሁዳውያን ረድኤት ድርጅት ነው። የሶቪየት መንግሥት በ1938 አባረረው፣ በጥር 1953 ደግሞ «የሐኪሞች ሴራ» በተባለው ክስ የስለላ ድርጅት አድርጎ ፈረጀው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመልሶ ገባና በ1993 የመጀመሪያውን የሔሰድ ማዕከል ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከፈተ፤ ከዚያ በኋላ በየከተማው ከመቶ በላይ ተከፍተዋል። አዲስ አበባም ታውቀዋለች፦ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከመወሰዳቸው በፊት እዚሁ ከተማ ሲጠባበቁ ምግብና ሕክምና ካቀረቡላቸው አንዱ ጆይንት ነበር።

እዚያ የሚረዱት ሰዎች የሚበዙት ዕድሜ ልካቸውን ደሞዝተኛ የነበሩ መሐንዲሶች፣ መምህራን፣ ሐኪሞችና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ጡረታ አላቸው፣ ባንክ ያስቀመጡትም ነበራቸው። በ1992 እ.ኤ.አ. የመንግሥት የዋጋ ቁጥጥር ሲነሳ ሩሲያ ውስጥ የአንድ ዓመት የዋጋ ንረት 2,500 በመቶ ገደማ ደረሰ፤ ዩክሬን በ1993 ከ10,000 በመቶ አለፈች። የሠላሳ ዓመት ቁጠባ የዳቦ መግዣ ሆነ። ልጆች ወደ እስራኤል፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ሽማግሌው ቀረ። ስለዚህ ሔሰድ ከጅምሩ «ጡረታ አለው» የሚለውን ምክንያት አልተቀበለም፤ የሚያየው ጡረታው ምን ይገዛል የሚለውን ነው። እኛ ዘንድ ገና ብዙ ኮሚቴ «ጡረተኛ ናቸው፣ ደሞዝ ይበላሉ» ብሎ ስም ይሰርዛል። ዝርዝር ሲወጣ የሚሠራው የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው።

ሌላም የሚያመሳስለን ነገር አለ። የሶቪየት ከተሞች በክሩሽቾቭ ዘመን በገፍ በተሠሩ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃዎች የተሞሉ ናቸው። ከአምስት ፎቅ በላይ ካልሆነ ሊፍት ስለማይጠየቅ አምስት ላይ አቆሙ። የእኛ ጂ+4 ሲቆጠር አምስት ነው፤ ሊፍት የለውም። ሁለቱም ሲሠሩ ቤቱን የሚረከበው ሰው ወጣት ነው ተብሎ ነው፤ ከተረከቡ በኋላ ማርጀት እንዳለ ያሰበ አልነበረም። ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ የቀበሌ ቤት ተነስቶ ጣሪያ ሥር የደረሰው ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ወጣት አልነበረም።

ወደ አገልግሎቱ እንግባ።

የምግብ እሽግ። ሔሰድ በዚህ ነው የጀመረው። ግሬችካ የሚሉት ጥቁር እህል፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ የታሸገ ዓሣ፤ ለፋሲካቸው ደግሞ እርሾ የሌለበት ቂጣ። በኋላ በብዙ ቦታ እሽጉን ትተው አረጋዊው ራሱ ሱቅ ሄዶ በሚገዛበት የክፍያ ካርድ ተኩት። ልክ አደረጉ። እሽግ ለሰጪው የሚመች ዕቃ ነው፤ ይቆጠራል፣ ይደረደራል፣ ፎቶ ያምርበታል።

በእኛ በኩል የሚበላሽበትን መንገድ እንዘርዝር። በዓለም አቀፍ የእርዳታ ስሌት ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬና 25 ግራም ገደማ ዘይት ይያዛል። በወር 12 ኪሎ እህል፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ጥራጥሬ፣ ከአንድ ሊትር ያነሰ ዘይት ማለት ነው። እንግዲህ አምስት ሊትር ጀሪካን ዘይት ለአንድ ሰው የስድስት ወር ነው፤ ይሸጣል። 25 ኪሎ ስንዴ በማዳበሪያ ሲመጣ ወፍጮ የሚያደርስ ስለሌለ ለጎረቤት በርካሽ ይሄዳል። ጥርስ ለሌለው ሰው ሽምብራ ይሰጣል። ሁዳዴ መሀል ዕንቁላልና የወተት ዱቄት ይመጣል። ስኳር በሽታ ላለባቸው ሁለት ኪሎ ስኳር። እሽግ መስጠት ግድ ከሆነ የተፈጨ ይሁን፤ ሽሮ፣ የአጃ ዱቄት ለአጥሚት፣ በሶ፣ ክክ ምስር። በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰባት ኪሎ አይብለጥ፣ በወር ሁለቴ ይምጣ። የሚሻለው ግን የካርዱ ሐሳብ ነው። እዚህ ካርድ ማሽን አያስፈልግም፤ ብሎኩ ሥር ካለው ሱቅ ጋር ተዋውሎ በስማቸው የዱቤ ደብተር መክፈት ይበቃል። ወር ላይ ኮሚቴው ይከፍላል፣ እማማ ያሻቸውን ይወስዳሉ። የሚበላሸው ባለሱቁ ለደብተር ደንበኛ ዋጋ ሲጨምር ነው፤ መፍትሔው በየሁለት ሳምንቱ አንድ የኮሚቴ አባል ሳይታወቅ ያንኑ ዕቃ ገዝቶ ዋጋ ማመሳከር ነው።

ለእሽጉ ከአምስት ሁለት፣ ለካርዱ አራት።

የቤት ውስጥ እንክብካቤ። የሔሰድ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄ ብቻ ይበቃ ነበር። ሠልጥኖ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ቤት ድረስ ይሄዳል። ያጥባል፣ ያበስላል፣ ገበያ ይወጣል፣ ያለብሳል። ሰዓቱ የሚወሰነው ሰውየው ምን ያህል ድሃ ነው ተብሎ ብቻ ሳይሆን ብቻውን ምን ማድረግ ይችላል በሚለው ነው። በአረጋውያን እንክብካቤ የታወቁት መለኪያዎች ስድስት ናቸው፤ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ተነስቶ ወንበር መቀመጥ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር፣ ራስን መመገብ።

ይህን ቅጽ እዚህ አምጥቶ እንደ ወረደ ማንበብ አይሠራም። «መታጠብ ይቸግርዎታል?» ሲባሉ መልሱ «ተመስገን ደህና ነኝ» ነው። ይሉኝታው አለ፣ ምስጋናው አለ፣ እንግዳ ፊት ገመናን አለመግለጥ አለ። ቅጹ ስድስቱንም «ይችላሉ» ብሎ ይሞላል፤ እማማ ግን ከታጠቡ ወር አልፏቸዋል። ስለዚህ መጠየቅ ሳይሆን ማየት ነው። «እስቲ ውኃ ያጠጡኝ» ብሎ ተነስተው እስኪያመጡ መመልከት፦ ለመነሳት ስንት ጊዜ ሞከሩ? ግድግዳ ያዙ? ጆጉ ተንቀጠቀጠ? «ትላንት ማታ ምን በሉ?» ብሎ ወጥ ቤቱን በዓይን መቃኘት። ድስቱ ደረቅ ከሆነ፣ ሳፋው አቧራ ከጠጣ፣ መልሱ ተገኝቷል።

የጉብኝቱን ቀን የሚወስነው ኮሚቴው አይደለም፤ ውኃው ነው። በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላይኛው ፎቅ ግፊት ስለማይደርስ ውኃ ከታች በጀሪካን ይወጣል፤ ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። እንክብካቤ ሰጪዋ ውኃ በመጣ ማግስት ካልሄደች ሁለቱ ሰዓት በደረጃ ላይ ያልቃል። ሁለት ሰዓት ካለ ቅደም ተከተሉ ይሄ ቢሆን ይመረጣል፦ እንደገቡ ውኃ መጣድና ልብስ መዘፍዘፍ፤ ውኃው እስኪሞቅ ጥፍር መቁረጥ፣ እግር ማየት፣ በተለይ ስኳር ካለባቸው በጣቶቹ መሀል ቁስል መኖሩን፤ ከዚያ ገላ ማጠብ፤ ከዚያ ሽሮ መሥራትና ልብሱን ማስጣት፤ በመጨረሻ የሳምንቱን ክኒን በየቀኑ ለይቶ ማስቀመጥና ደብተር መሙላት። ገላ የሚታጠበው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አረጋዊ ማጠብ በየካ ብርድ በሽታ መጥራት ነው። እንጀራ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ስለሚሻግት በሳምንት ሁለቴ፣ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ መሄድ፣ በሳምንት አንዴ አራት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል።

አልጋ ላይ የቀረ ሰው ካለ ይህ ሁሉ አይበቃም። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ወገቡና ተረከዙ ላይ የመኝታ ቁስል ይወጣል። በሳምንት ሁለቴ የምትመጣ ሰው ያንን አትሸፍንም፤ ጎረቤት በተራ መግባት አለበት፣ አለዚያ ወደ ተቋም መውሰድ ነው። አያት ያለው የመቄዶንያ አረጋውያን መርጃ ማዕከል ከጎዳና ማንን እንደሚያነሳ ለሁላችንም አሳይቷል። ግን ቤትም በርም እያላቸው እርዳታ ብቻ ያጡትን ሁሉ ወደ ማዕከል መላክ ማዕከሉንም ማጨናነቅ ነው፣ ሰውንም ከሰፈሩ መንቀል ነው።

አገልግሎቱን የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሠራተኛዋ ስትለዋወጥ ነው። አረጋዊ ገላውን በየወሩ ለአዲስ ሰው አይገልጥም፤ «ዛሬ አልታጠብም» ይላል፣ ከዚያ ጭራሽ በር አይከፍትም። ሁለተኛው በነፃ ይሠራ ማለት ነው። ሔሰድ በጎ ፈቃደኛን የአገልግሎቱ ምሰሶ ያደርጋል፤ ያም ሆኖ የማጠቡንና የማልበሱን ሥራ ለሚከፈለው ሰው ነው የሰጠው። በጎ ፈቃደኛ ይጠይቃል፣ ያጫውታል፣ ይላላካል፤ ፖፖ ለመድፋት በየሳምንቱ በሰዓቱ የሚመጣው ግን ደሞዝተኛ ነው። ሦስተኛው ገንዘብ ነው። የባንክ ካርድና የሚስጥር ቁጥር ሠራተኛዋ ጋ መቀመጥ የለበትም፣ «ልጄ ናት» ቢሏትም። ቤት ውስጥ አንድ ደብተር ይንጠልጠል፦ የገባችበት ሰዓት፣ የሠራችው፣ የገዛችው፣ መልሱ ስንት። ቁልፍ ከተሰጠ ለሁለት ሰው ተፈርሞ ይሰጥ።

የሕጉም ነገር ይነሳ። ቀድሞ በነበረው የበጎ አድራጎት አዋጅ 621/2001 ዘመን ከዓመታዊ ወጪው 30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር አይውል የሚለው መመሪያ የብዙ መስክ ሠራተኛን ደሞዝና ትራንስፖርት አስተዳደር ብሎ ይቆጥር ነበር። የቤት ውስጥ እንክብካቤ ደግሞ ደሞዝና ትራንስፖርት ብቻ ነው፤ ሌላ ዕቃ የለውም። ዘይት ማደል ለሕጉ ቀለለ፣ ሰው ማጠብ ከበደ። አዋጅ 1113/2011 ጣሪያውን 20 በመቶ ቢያደርግም፣ አስተዳደር የሚለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ወጪ ነው። እንዲያም ሆኖ የድሮው አስተሳሰብ በኮሚቴዎች ልብ ውስጥ አለ፤ ደሞዝ ሲባል ፊት ይጠቁራል።

ለዚህ ክፍል አምስት ከአምስት።

የዕቃ ውሰት። ማዕከሎቹ ዊልቸር፣ ክራንች፣ መራመጃ፣ ቀዳዳ ወንበር የመሳሰሉትን በነፃ ያውሳሉ፤ ሲያበቃ ይመለሳል። ለእኛ ሰፈር በጣም ቀላሉ ይሄ ነው፣ በጣም የሚባክነውም ይሄው። ዊልቸር በስጦታ ይመጣና አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ልብስ ማስጫ ሆኖ ይቀራል። የፊት ጎማው ትንሽ ከሆነ ኮብልስቶን ላይ ተሰንቅሮ ሰው ይደፋል። ከዊልቸር በፊት የሚያስፈልጉት ርካሽ ነገሮች ናቸው። እጀታ ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫውን ክብ አድርጎ ቆርጦ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሥሩ ባልዲ ማስገባት፤ ሌሊት ጨለማ ውስጥ ሽንት ቤት ፍለጋ መውደቅን ያስቀራል።

ከዘራውም እንዲሁ። አባባ የሚይዙት ብዙውን ጊዜ የሞተ ወንድም ወይም ጎረቤት ከዘራ ነው፤ ረዝሞባቸው ትከሻቸው ወደ ላይ ተሰቅሏል። ልኩ እንዲህ ነው፦ ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ሲቆሙና እጃቸውን ሲያንጠለጥሉ የከዘራው እጀታ የእጅ አንጓቸው ላይ መድረስ አለበት። ትርፉ በመጋዝ ይቆረጣል። ጫፉ ላይ ጎማ ይገባል፤ ጎማው ተበልቶ እንጨቱ ከታየ እርጥብ ደረጃ ላይ እንደ ሳሙና ነው። የሚያዘውም በጤነኛው እግር በኩል እንጂ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው በታመመው በኩል አይደለም። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው።

ሞቅ ያለ ቤት። አሥር የሚሆኑ አረጋውያን አንዱ ቤት ተሰብስበው ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ልደትና በዓል ያከብራሉ፤ ማዕከሉ የምግቡን ወጪ ይሸፍናል። ለእኛ ይሄ ሐተታ አያስፈልገውም፤ ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ነው፣ ቡና ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ መሬት ላይ ያለ ቤት ይመረጥ፣ አለዚያ የሚመጡት መውጣት የሚችሉት ብቻ ይሆናሉ፤ እነሱ ደግሞ ባይመጡም ሰው አያጡም።

የክረምት ድጋፍ። እዚያ የድንጋይ ከሰል፣ ማገዶና ብርድ ልብስ ነው። እዚህ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ ካልሲ፣ ለቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ላስቲክ። ከሰል አይሰጥ። በር ዘግቶ ከከሰል ጋር የተኛ ሰው ጭሱ ሳይሸተው ይሞታል።

አሁን ሔሰድ የሚታማበት ላይ እንምጣ። ገንዘቡ በከፊል ለናዚ ሰለባዎች ከሚከፈል ካሣ ይመጣል። በ1998 እ.ኤ.አ. የስዊስ ባንኮች 1.25 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ የተዘረፈ ንብረት ለሚለው ምድብ ከተመደበው ውስጥ የአሜሪካው ፍርድ ቤት ትልቁን ድርሻ፣ ሦስት አራተኛውን፣ በቀድሞዋ ሶቪየት ላሉት ድሆች አደረገው። አሜሪካ የሚኖሩ ሰለባዎች «እኛም ተዘርፈናል» ብለው ይግባኝ አሉ፤ ተሸነፉ። ጀርመን ለምዕራቡ ሰው አሥርት ዓመታት ካሣ ስትከፍል ከብረት መጋረጃው ጀርባ፣ በኮሚኒስት አገሮች የነበሩት አብዛኞቹ ምንም አላገኙም ነበር፤ የቀድሞ ሶቪየት ሰለባዎች ለአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ለ2,556 ዩሮ፣ ማመልከት የቻሉት በ2012 ነው። ዳኛው «በጣም ለተራበው ይሰጥ» ማለታቸው ትክክል ይመስለናል። ግን እንዲህ ያለ ገንዘብ አጥር አለው። አንዱ ጎረቤት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ ስለተወለደ ብዙ ሰዓት ያገኛል፤ ሌላው በ1947 እ.ኤ.አ. በመወለዱ፣ ወገቡ ያው የተሰበረ ወገብ ሆኖ፣ ከሌላ ምንጭ የሚመጣ ጥቂት ሰዓት ይደርሰዋል። የለጋሽ ምድብ ከሰው ችግር ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። እዚህም «የእኛ ደብር ምእመን»፣ «የእኛ መሥሪያ ቤት ጡረተኛ» እየተባለ በአንድ ብሎክ አንዱ ሦስት እሽግ ሲቀበል ሌላው ባዶ ያድራል።

እድራችን በተቃራኒው ሁሉን እኩል ያያል፤ እኩል ከፍሎ እኩል መቀበል። ለቀብር ይሠራል፣ ሁሉም አንድ ጊዜ ነው የሚሞተው። ለእርጅና አይሠራም፣ ሁሉም እኩል አያረጅምና። ግን ሔሰድ በብዙ ገንዘብ ያቋቋመውን ዕቃ ሁሉ እድር አስቀድሞ ይዞታል፦ መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል፣ መጋዘን፣ ያልመጣን የሚቀጣ ደንብ። ድንኳኑና ብረት ድስቱ በሚቀመጥበት ጥግ አሥር ከዘራና አራት ክራንች ይገባል። ውሰት ዕቃ በየትም አገር የሚጠፋው የተዋሰው ሰው ሲሞት ቤተሰብ ሳይመልስ ስለሚቀር ነው። እድር ደግሞ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደርስ ነው፤ ድንኳኑን ሲነቅል ክራንቹንም ይዞ ይመለሳል። ይህን ሔሰድም አልታደለውም።

ገንዘቡም ሩቅ አይደለም። 200 አባል ያለው እድር በወር 20 ብር ቢጨምር 4,000 ብር ነው። አምስት እድሮች ቢገናኙ 20,000 ብር ይሆናል፤ ይህ እሽግ መግዣ ሳይሆን የእንክብካቤ ሠራተኛ ደሞዝ ይሁን። የሚያደናቅፈው ከመሀል ከተማ የተነሱት አረጋውያን እድር የድሮው ሰፈር መቅረቱ ነው። አዲሱ ሰፈር መመዝገቢያ ይጠይቃል፣ አንዳንዱም ዕድሜ አይቶ «ቶሎ ይሞቱብናል» በሚል ስሌት ያንገራግራል። ለእንክብካቤው የሚዋጣው ሒሳብ ከቀብሩ ሒሳብ ተለይቶ ይያዝ፤ ያኔ አባል ያልሆኑ አረጋውያንም ሊገቡበት ይችላሉ፣ የእድሩ ዳኛም ስለ ቀብሩ ካዝና አይሰጋም።

መነሻው መዝገቡ ነው። አሁን ስም፣ ቤት ቁጥር፣ ስልክና የቤተሰብ ብዛት አለበት። ሦስት ዓምድ ይጨመርበት፦ ስንተኛ ፎቅ፣ ብቻቸውን ናቸው ወይ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደረጃውን የወረዱት መቼ ነው። ሦስተኛውን የእድሩ ጸሐፊ አይጠይቅ፤ የብሎኩ ጥበቃ ያውቀዋል። ዝርዝሩ ግንቦት ላይ ካለቀ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ብርድ ልብሱና የከዘራ ጎማው ይደርሳል።